በሐዋሳ መንገድ፣ በባቱ ከተማ የፈጣን ቻርጀር ጣቢያ ግንባታ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 8

ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በባቱ (ዝዋይ) ከተማ፣ ለኤሌክትሪክ መኪኖች ፈጣን ቻርጀር ያለው ጣቢያ ለመሥራት የተነሣነው ጥቂት የሙያ ጓደኛሞች ነን። ከዛሬ ጀምሮ የሥራውን ሂደት በዚህ ማስታወሻ እመዘግባለሁ። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር 2016 ዓ.ም. ካሳወቀ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ መኪና የሚይዘው ቤተሰብ ቁጥር በፍጥነት ጨምሯል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ እምብዛም አያስቸግርም፤ ሰው ማታ ግቢው ውስጥ ሰክቶ ያድርና ጠዋት ሞልቶ ይወጣል። ሐሳብ የሚሆነው ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለንግሥ ወይም ለሥራ ከከተማ መውጣት ሲመጣ ነው።

ባቱን የመረጥነው በስሌት ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ባቱ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር፣ ባቱ ወደ 1,640 ሜትር፣ ሐዋሳ ደግሞ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። 55 ኪሎዋት ሰዓት ያህል የሚይዝ ባትሪ ያለው መካከለኛ መኪና በአገር አቋራጭ መንገድ በ100 ኪሎ ሜትር 18 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል ብለን ብንይዝ፣ ሜዳ ቢሆን ኖሮ መንገዱ በሙሉ 49.5 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቅ ነበር። ሰዎችንና ጓዝን ጨምሮ 1,800 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 650 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ተጨማሪ ሦስት ተኩል ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ቁልቁል ሲወርድ ግን ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ ሁለት ያህሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ስለዚህ ያው መኪና ሐዋሳ ለመውረድ ወደ 47፣ አዲስ አበባ ለመመለስ ወደ 53 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልገዋል። ማለት መንገድ ላይ ሳይሞላ የወረደ ሹፌር፣ ሐዋሳ ላይ ሞልቶ በመልሱም ሳልቆም እገባለሁ ቢል፣ ቃሊቲ ሲደርስ በባትሪው ውስጥ የሚቀረው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ከዚህ ስሌት የወጣው ውሳኔ ጣቢያው በመንገዱ በየትኛው ወገን ይሁን ለሚለው ጥያቄ መልስ ሰጥቶናል። የቻርጅ ችግር የሚበረታው በመልስ ጉዞ ስለሆነ ጣቢያው ከሐዋሳ ለሚመጣው ሰው በቀኝ እጁ፣ ወደ ሞጆ የሚወስደውን የፍጥነት መንገድ ከመያዙ በፊት መገኘት አለበት። የፍጥነት መንገዱ ራሱ ባትሪ ይበላል፤ ፍጥነቱን ከ80 ወደ 120 ያሳደገ ሹፌር መኪናው የሚገፋውን የአየር ጫና ከሁለት እጥፍ በላይ ያደርገዋል። በዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ስለሚሳሳ ጥቂት ማገዙ አይካድም፤ ነገር ግን ሹፌሩ በዚያ ሊመካ አይገባም።

ጥቅምት 21

መሬቱ ተገኘ። ከዝዋይ ሐይቅ ትኩስ ዓሣ ከሚቀርብባቸው ምግብ ቤቶች በእግር የሚደረስ፣ ጥቂት ዘቅዘቅ ያለ ቦታ ነው። ለምሳ መቀመጫ ቅርብ መሆኑን እንደ ዋና መመዘኛ ቆጥረነዋል። 38 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ባትሪ ያላት እንደ ቢዋይዲ ሲገል ያለች ትንሽ መኪና በፈጣን ቻርጀር ብትሰካም የምትቀበለው ወደ 40 ኪሎዋት ነው፤ ወደ 80 በመቶ እስክትደርስ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ መቆየቷ አይቀርም። ዓሣ ጥብስ ታዝዞ፣ ተበልቶ፣ እጅ ታጥቦ ቡና እስኪጠጣ የሚወስደው ጊዜም ያው ነው።

የመሬቱ ባለቤት ሽማግሌ ሰው ናቸው። ውሉን ከመፈራረማችን በፊት እቅዱን በጥሞና ካዳመጡ በኋላ፣ «ልጄ፣ ሰው በዝናብ ሲሰካው ኤሌክትሪኩ አይይዝም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው የተገባ ስለሆነ ቁጭ ብለን ተነጋገርንበት። «አባባ፣ መሰኪያው መኪናው ውስጥ ገብቶ እስኪቆለፍ ድረስ በውስጡ ኃይል የለም፤ ከተቆለፈም በኋላ ማሽኑ መጀመሪያ ራሱን ይመረምራል» አልኋቸው። በእርግጥም ቻርጀሩ ኃይል ከመልቀቁ በፊት በአዎንታዊውና በአሉታዊው መስመር እንዲሁም በመሬት መካከል ያለውን የኢንሱሌሽን (ኤሌክትሪክ እንዳያመልጥ የሚከለክለውን) መጠን ይለካል፤ ለእያንዳንዱ ቮልት ከ100 ኦም በታች ሆኖ ካገኘው ሥራውን አይጀምርም። እርጥበት ወደ መሰኪያው ከገባ ይህ መጠን ይወርድና ማሽኑ እምቢ ይላል። ሰው አይጎዳም፤ መንገደኛው ግን ሳይሞላ ይቀራል። ስለዚህ መጠለያው ከቻርጀሩ አልፎ መኪናውንም እንዲሸፍን፣ ከፍታውም ሚኒባስ በሰላም እንዲያስገባ ተደርጎ ንድፉ ተስተካክሏል።

ኅዳር 12

ስለ ቻርጀሮቹ ዓይነት ብዙ ከተከራከርን በኋላ ወሰንን። አንድ 240 ኪሎዋት የሚሰጥ ትልቅ ማሽን መግዛት ይቻል ነበር፤ ለማስታወቂያም ይመች ነበር። እኔ የቆምሁት ግን እያንዳንዳቸው 120 ኪሎዋት ለሚሰጡና ባለ ሁለት መሰኪያ ለሆኑ ሁለት ማሽኖች ነው። ምክንያቴን በዝርዝር አስፍራለሁ፤ የጣቢያው አሠራር በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነውና።

እዚህ አገር የሚነዱት የኤሌክትሪክ መኪኖች በብዛት ለቻይና ገበያ የተሠሩ ስለሆኑ መሰኪያቸው ጂቢቲ የሚባለው ነው፤ የዚህ መሰኪያ የተለመደው ጣሪያ ደግሞ 250 አምፔር ነው። የመኪናው ባትሪ 400 ቮልት ከሆነ 250 አምፔር ማለት 100 ኪሎዋት ነው፤ ከዚያ በላይ ኃይል ማሽኑ ቢኖረውም በገመዱ አያልፍም። ትንንሾቹ መኪኖች ከዚህ ግማሹን እንኳ አይጠይቁም። ስለዚህ ለአብዛኛው መንገደኛ በማሽኑ ግንባር ላይ የተጻፈው ትልቅ ቁጥር የሚጨምርለት ነገር የለም። የመረጥነው ማሽን በውስጡ ባለ 30 ኪሎዋት አራት ሞጁሎች፣ ማለት ለየብቻ የሚሠሩ ኃይል ሰጪ ክፍሎች፣ አሉት፤ ሁለት ትንንሽ መኪኖች ሲሰኩ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሞጁል ያካፍላል፣ አንድ ትልቅ መኪና ብቻውን ሲመጣ ደግሞ አራቱንም ይሰጠዋል። አንዱ ሞጁል ቢቃጠል ቀሪዎቹ 90 ኪሎዋት ይዘው ሥራውን ይቀጥላሉ፤ አንዱ ማሽን በሙሉ ቢቆም ሁለተኛው አለ። 12 በመቶ ይዞ የደረሰ ሰው የሚፈልገው የሚሠራ ቻርጀር ነው፤ 20 ደቂቃው 30 ቢሆንበት ይታገሣል፣ የቆመ ማሽን ቢያገኝ ግን መሄጃ የለውም።

ከአራቱ መሰኪያዎች አንዱ ሲሲኤስ 2 እንዲሆን ተስማምተናል፤ ለአውሮፓና ለባሕረ ሰላጤው ገበያ የተሠሩ መኪኖችም በመንገዱ ላይ ስለሚታዩ እነሱን መመለስ ተገቢ አይደለም።

ኅዳር 30

የትራንስፎርመሩ መጠን ተወስኗል። ሁለቱም ማሽኖች በሙሉ ኃይላቸው ቢሠሩ 240 ኪሎዋት ይሰጣሉ፤ የውስጥ ብክነታቸው ሲታሰብ ከመስመሩ የሚስቡት ወደ 255 ኪሎ ቮልት አምፔር ነው። 315 ኪሎ ቮልት አምፔር ያለው ትራንስፎርመር ይበቃናል፤ ሆኖም ትራንስፎርመሮች በተለምዶ የሚመዘኑት እስከ 1,000 ሜትር ለሆነ ከፍታ ስለሆነ፣ ባቱ ላይ ቀጭኑ አየር የማቀዝቀዝ አቅማቸውን በጥቂቱ እንደሚቀንሰው በስሌቱ አስገብተናል። ቻርጀሮቹ እስከ 2,000 ሜትር የተፈቀደላቸው ናቸው፤ ባቱ ከዚያ በታች ናት። አዲስ አበባ ላይ ተመሳሳይ ማሽን የሚተክል ሰው ግን አምራቹን ስለ ከፍታው መጠየቅ ይኖርበታል።

ስለ ኃይል ምንጩ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያነሣው የሕዳሴውን ግድብ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም እንዳለው እናውቃለን፣ እንኮራበታለንም። የመንገድ ዳር ጣቢያን የሚወስነው ግን የመጨረሻው የ15 ኪሎ ቮልት መስመር ነው፦ ውፍረቱ፣ ርዝመቱ፣ በላዩ ላይ ስንት ወፍጮ ቤትና የውኃ ፓምፕ እንደተቀጠለ። ስለዚህ የቮልቴጅ መመዝገቢያ መሣሪያ በአቅራቢያችን ባለ ቆጣሪ ላይ አስገብተን ትተነዋል።

ታኅሣሥ 20

ትናንት የገብርኤል ንግሥ ስለነበር ሐዋሳ የወረደው ሰው ብዙ ነው፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ የመልሱን ጉዞ ለማየት መንገድ ዳር ተቀምጠን ዋልን። ከአንዳንድ ሹፌሮች ጋር ስንነጋገር የሰማነው ተመሳሳይ ነው፦ ሌሊቱን በሆቴል ሶኬት ሰክተው አድረዋል። የተራ ሶኬት ቻርጀር በ220 ቮልትና በ16 አምፔር ሦስት ተኩል ኪሎዋት ብቻ ነው የሚሰጠው፤ በአሥር ሰዓት ውስጥ ባትሪው ውስጥ የሚገባው ከ30 ኪሎዋት ሰዓት ብዙም አይበልጥም። እንዲህ ያደረ መካከለኛ መኪና ባቱ ሲደርስ አንድ ሦስተኛ ያህል ይቀረዋል፤ አዲስ አበባ ለመግባትና መጠባበቂያ ለመያዝ 20 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ቢጨመርለት ይበቃዋል። በፈጣን ቻርጀር ይህ የ20 ደቂቃ ጉዳይ ነው። ከዚህ የተማርነው፣ ጣቢያችን ባትሪ እስከ አፉ የሚሞላበት ሳይሆን ለመድረስ የሚበቃ ተሰጥቶ ቶሎ ቦታ የሚለቀቅበት መሆን እንዳለበት ነው። ባትሪ ከ80 በመቶ በኋላ የሚቀበለው ኃይል በጣም ስለሚቀንስ፣ የመጨረሻዋን 20 በመቶ የሚጠብቅ ሰው ከኋላው ያሉትን ሁሉ ያስጠብቃል።

ጥር 7

የመሬት ሥራው ተጀምሯል። አፈሩ ላይ ላዩን አሸዋማ፣ ዝቅ ሲል ከስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራ የቀረ ቀላልና ባለ ቀዳዳ ድንጋይ የተቀላቀለበት ነው፤ ለግንባታ ገረጋንቲ ተሞልቶ በሚገባ ተጠቅጥቋል። የቻርጀሮቹ መሠረት አርማታ ተሞልቷል፣ ከዙሪያው መሬት ከፍ ብሎ የተሠራውም ክረምት የሚወርደው ጎርፍ ወደ ማሽኑ እንዳይገባ ነው። ኬብሎቹ በሁለት የተራራቁ ቦዮች ይሄዳሉ፤ በአንድ ቦይ ቢቀበሩ ሙሉ ኃይል ሲያልፍባቸው እርስ በርሳቸው ይጋጋላሉ። ከታች አሸዋ፣ ከላይ አሸዋ፣ ከዚያ በኋላ የሚቆፍር ሰው እንዲነቃ ባለ ቀለም የማስጠንቀቂያ ላስቲክ ተዘርግቷል።

የኧርዙን፣ ማለት ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያስገባውን መስመር፣ ሥራ ለይቼ እጽፋለሁ። በጥቅምት፣ አፈሩ ገና የክረምቱን እርጥበት ሳይለቅ፣ በሁለት የመዳብ ዘንጎች የለካነው፣ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያልፍ የሚገጥመው ተቃውሞ መጠን 7 ኦም ነበር። ዛሬ፣ በበጋው መካከል፣ እነዚያው ዘንጎች 12 ኦም ሰጡ። ለዚህ ነው በሚገባ የታሰበበት የኧርዝ ልኬት በደረቁ ወቅት መደገም አለበት የምለው፤ ደረቅ አሸዋ ኤሌክትሪክን በቀላሉ አያሳልፍም። በመሠረቱ ዙሪያ የመዳብ ሽቦ ቀለበት ቀብረን፣ ተጨማሪ ዘንጎች ወደ ጥልቁ እርጥብ አፈር አስገብተን፣ ከአርማታው ፌሮ ጋር አገናኘነው። ከዚያ በኋላ የለካነው 3.6 ኦም ነው፤ ግባችን ከ4 በታች ነበር።

ጥር 24

የመመዝገቢያው ውጤት ተነቧል። ሌሊት ከ6 ሰዓት በኋላ ቮልቴጁ 400 አካባቢ ሲሆን፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ እንጀራው ሁሉ በሚጋገርበት ጊዜ፣ እስከ 352 ይወርዳል። ቻርጀሮቻችን ከ323 እስከ 437 ቮልት ድረስ ይሠራሉ፤ ስለዚህ ይህ ብቻውን አያቆማቸውም። ሆኖም ቮልቴጅ ሲወርድ ያንኑ ኃይል ለማግኘት የሚያልፈው አምፔር ይጨምራል፦ በ380 ቮልት 387 አምፔር የነበረው በ352 ወደ 418 ይወጣል። በዚያ ላይ የራሳችን ጭነት ሲታከልበት መስመሩ የበለጠ ይወርዳል።

መፍትሔው ትራንስፎርመሩ ላይ አለ። መጥፋቱ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ የሚዞር የታፕ መምረጫ (የሚሰጠውን ቮልቴጅ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ) አለው፤ እያንዳንዱ ደረጃ 2.5 በመቶ ነው። ሁለት ደረጃ ወደ ታችኛው የ15 ኪሎ ቮልት መጠን አዙረነዋል፤ በዚህም የምሽቱ 352 ወደ 370 ከፍ ይላል፣ የሌሊቱ 400 ደግሞ 420 ይሆናል፤ ሁለቱም ከተፈቀደው ወሰን ውስጥ ናቸው። ወጪ ያላስከተለ ማስተካከያ ነው፤ ነገር ግን የመስመሩን ጠባይ በቀንና በሌሊት ሳይመዘግቡ ሊደረግ አይችልም።

የካቲት 9

የመጠባበቂያ ባትሪው ከሞጆ ደረቅ ወደብ ወጥቶ ተተክሏል። መብራት ሲጠፋ ምን እናድርግ የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያሳስበን ነበር። የናፍጣ ጄኔሬተር እናስገባ ያሉ ነበሩ፤ እኔ የተቃወምሁት በየጊዜው ናፍጣ መፈለግ ስለሚያስፈልግና ሰው ከነዳጅ ሰልፍ ወጥቶ የገዛውን መኪና መልሶ በናፍጣ መሙላት ስለማይገባ ነው። የተከልነው 100 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ሲሆን፣ መስመሩ ሲቋረጥ 60 ኪሎዋት ድረስ ይሰጣል። ለእያንዳንዱ 20 ኪሎዋት ሰዓት ቢሰጥ አራት መኪና ወደ ቤቱ ያደርሳል። መብራት በሌለበት ሰዓት ጣቢያው ለአንድ መኪና ከዚህ በላይ እንዳይሰጥ በፕሮግራሙ ላይ ተገድቧል፤ አንዱ ሞልቶ ሦስቱ ከሚቀሩ አራቱም ቢደርሱ ይሻላል።

ክፍያ በቴሌብር ነው። ኔትወርክ በማይኖርበት ሰዓት ደግሞ ሠራተኛው በእጁ በያዘው ካርድ ማሽኑን ያስነሣል፤ ሒሳቡ የሚታሰበው ከማሽኑ ቆጣሪ ነው።

የካቲት 22

የሙከራ ቀን። ከተለያዩ መኪኖች ጋር የሚደረገው የመግባባት ፍተሻ ረጅም ሰዓት ወስዷል። በጂቢቲ መሰኪያ ውስጥ ዘጠኝ እግሮች አሉ፦ ሁለቱ ወፍራሞች ዋናውን ኃይል ያስተላልፋሉ፣ አንዱ የኧርዝ ነው፣ ሁለቱ ቻርጀሩና የመኪናው የባትሪ መቆጣጠሪያ የሚነጋገሩባቸው ናቸው፣ ሁለቱ መሰኪያው በትክክል መግባቱን ይመሰክራሉ፣ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ ለመኪናው መቆጣጠሪያ 12 ቮልት ይሰጣሉ። በመሰኪያው ላይ ያለው አዝራር ሲለቀቅና ሁሉም ሲገጥም በመመስከሪያው እግር ላይ 4 ቮልት መታየት አለበት። አንድ ነጭ መኪና ላይ ይህ መጠን ከተፈቀደው በላይ ሆኖ ማሽኑ ደጋግሞ እምቢ አለ። በባትሪ መብራት ስናይ በመኪናው መሰኪያ ውስጥ የጥርጊያ መንገድ አቧራ በቀጭን እግሮቹ ላይ እንደ ዱቄት ተጋግሯል። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጠርገን፣ በታመቀ አየር ነፍተን ስንሰካው ወዲያው ጀመረ። ከዛሬ ጀምሮ ብሩሽና የአየር መንፊያ በእያንዳንዱ ማሽን አጠገብ ተሰቅለዋል፤ ሁለቱ የባቱ ወጣቶች ሠራተኞቻችንም መጀመሪያ የሚያዩት ይህንን ነው።

አመሻሽ ላይ፣ ገና አጥሩ እንኳ ቀለም ሳይቀባ፣ አንድ ቤተሰብ የጫነ መኪና ገባ። ባትሪው 9 በመቶ ላይ ነው፤ ከኋላ ወንበር ሁለት ሕፃናት ተኝተዋል። አባትየው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ስለ ዋጋም ስለ ፍጥነትም ሳያነሣ፣ «ወንድሜ፣ ይሠራል?» ብሎ ጠየቀኝ። ሰካንለት። ማሽኑ በ78 ኪሎዋት ጀምሮ ጥቂት ቆይቶ ወደ 71 ወረደ፤ እናትየው ልጆቹን ቀስቅሳ ምግብ ልታበላ ወሰደቻቸው። ባትሪው 80 በመቶ ሲሞላ ተመስግነን ሸኘናቸው።

መጋቢት 6

ጣቢያው ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ወዲህ የማሽኖቹን መዝገብ በየማታው እናነባለን። እንደተገመተው ጫናው በእሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ላይ ተከማችቷል፤ ከሐዋሳና ከላንጋኖ የሚመለሰው ሁሉ በዚያ ሰዓት ይደርሳል። ወደ ሐዋሳ የሚወርዱት እምብዛም አይቆሙም። በእነዚያ ሰዓታት ከ80 በመቶ በላይ መሙላት እንዲቆም ወስነናል፤ ምክንያቱን የሚያስረዳ ጽሑፍም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተለጥፏል። ሹፌሮቹ ሲነገራቸው ይረዳሉ፣ ቅሬታ ያሰማ የለም ማለት ይቻላል።

የማሽኖቹ የአየር ማጣሪያ ከጠበቅነው ቀድሞ ነው አቧራ የሚይዘው፤ የበጋው ንፋስ ከሐይቁ ወገን ሲነሣ በየሳምንቱ ማጠብ ግድ ነው። ማጣሪያ ሲደፈን ማሽኑ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ኃይሉን ራሱ ይቀንሳል፤ ሹፌሩ የሚያየው ግን የዘገየ ቻርጅ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ቀጣዩ ጣቢያ የት ይሁን ሲል ይጠይቃል። የእኔ ሐሳብ ጎጃም በር ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወርዶ ወደ ደጀን መውጣት 1,400 ሜትር ያህል ሽቅብ አለው፤ ይህ ለመካከለኛ መኪና 8 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ነው፣ ያውም በአጭር ርቀት። ደጀን ላይ የሚቆም ጣቢያ ሽቅቡን ለጨረሰው፣ ጎሐ ጽዮን ላይ የሚቆመው ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ለሚመለሰው ይጠቅማል፤ የትኛው ይቅደም የሚለውን እዚያ ያለውን የ15 ኪሎ ቮልት መስመር ካየን በኋላ እንወስናለን። እስከዚያው ባቱ ላይ ለሦስተኛው ቻርጀር የተተወው ባዶ ቱቦ ስላለ መሬቱን እንደገና መቆፈር አያስፈልግም፤ የመሠረቱ አርማታ በሚቀጥለው ሳምንት ይሞላል፣ ትራንስፎርመሩም ወደ 630 ኪሎ ቮልት አምፔር እንዲያድግ ማመልከቻው ገብቷል።